ቃርሚያ ሲሉኝ

ባለፈው ሳምንት መንጌ ገበያ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ ጓደኛዋን «የኔ ቃርሚያ» ብላ ስትጠራት ሰማሁ። ጓደኛዋም ደስ ብሏት ዞረች። ማሽላ ተሸክሜ ባልሆን ኖሮ ቆሜ እጠይቃቸው ነበር፤ ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ያውቁ እንደሆነ። እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ግን አውቃለሁ፤ በዚህ አገር መጀመሪያ የተሰደበችበት ሴት እኔ ነኝና። አባቴ ቄስ ስለነበር ፊደል አስቆጥሮኛል፤ እጄም እስካሁን ብዕር ይይዛል። ሰው ሁሉ እንደመሰለው ከማውራቱ በፊት የሆነውን እኔው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

እኔ በተወለድኩበት በወንበራ ደጋ ቃርሚያ ማለት ቃርሚያ ነው። አዝመራው ታጭዶ ነዶው ከተጓጓዘ በኋላ በቃርዳው መካከል የቀረውን ዛላ ድሀ ይለቅመዋል፤ ባለ እርሻውም አይከለክልም። አባቴና እናቴ ከሞቱ በኋላ በወንድሜ ቤት ሳድግ የወንድሜ ሚስት በየዓመቱ ወደ ሰው እርሻ ለቃርሚያ ትልከኝ ነበር። ቤቱ እህል አጥቶ አይደለም፤ እኔን እጄን አጣጥፌ ማየት ስለማትወድ ነው። ከቃርሚያው ስመለስ ደግሞ ወፍጮው ይጠብቀኛል። የዚያ ወፍጮ መጅ ዛሬም መዳፌ ላይ አለ ብል አላጋነንኩም።

ያም ሆኖ ሥራውን ተማርኩት። አዲስ ቃራሚ በቀጥታ መሐል እርሻ ገብቶ ጎንበስ ቀና ሲል ይውላል። የለመደ ግን የሚያየው ነዶ ተከምሮ የነበረበትን ቦታ፣ ሸክም የተነሣበትን ድንበር፣ ወደ አውድማ የሚወስደውን መንገድ ነው። እህል ሲነካ ይረግፋል። ብዙ እጅ በነካው ቦታ ብዙ ይወድቃል። እኔ ከእኩዮቼ በፊት ቁናዬን ሞልቼ የምመለሰው በዚህ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ባገባሁ ጊዜ ከወፍጮው የተላቀቅሁ መሰለኝ። ባሌ ነጋዴ ነበር። አሞሌና ሸማ ጭኖ ዓባይን ይሻገርና ወደ መንጌና ወደ አሶሳ ይወርዳል፤ ወርቅ ይዞ ይመለሳል። የመሐል አገር ጦር ወደ ቆላው ወርዶ አገሩ ወርቅ መገበር ከጀመረ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የወንበራ ነጋዴ ሁሉ ልቡ ወደዚያ ሸፍቶ ነበር። ባሌ «አብረን እንውረድ» ሲለኝ ሁለት ጊዜ እንዲጠይቀኝ አላደረግሁም። ከወንድሜ ደጅ የሚያርቀኝ መንገድ ሁሉ ለእኔ መልካም ነበር።

በሲራራው ውስጥ ቃርሚያ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ነጋዴዎቹ ገበያ ተፈትቶ ሳይሸጥ የቀረውን ሸማ ቃርሚያ ይሉታል። ጀርባዋ ተልጦ ጭነት የማትችለውን በቅሎም «ቃርሚያዋን ከኋላ ንዷት» ይላሉ። በቅሎዋ ስታነክስ፣ ስሟም ሲጠራ እኔም ከነሱ ጋር ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

ለጥምቀት መንጌ ደረስን። በሳምንቱ ባሌን ንዳድ ያዘው፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ቄስ በሌለበት አገር እኔው ከማስታውሰው ዳዊት እየደገምኩ ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን ጎጆ ውስጥ ተጋድሜ ሳለሁ የሲራራው አለቃ ከውጭ ሰዎቹን ሲጠይቅ ሰማሁት።

«ቃርሚያዋን ምን እናድርጋት?» አለ።

በቅሎዋን ማለቱ መስሎኝ ነበር። በቅሎዋ ግን ከሁለት ቀን በፊት ሞታለች። ሞት አጭዶ ሲያበቃ የቀረሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነበር። ሰውየው ሽበታም፣ በአገሩ የተከበረ፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው። ይህን የምጽፈው ለእውነቱ ስል ነው እንጂ ለእሱ አዝኜ አይደለም።

ገብቶ ከአጠገቤ ተቀመጠና በደግነት ተናገረኝ። «ልጄ፣ እኛ ወደ አሶሳ እንወርዳለን። ዝናቡ ገብቶ ዓባይ ሳይሞላ፣ በግንቦት መጨረሻ በዚሁ እንመለሳለን። ያኔ ወስጄ ለወንድምሽ አስረክብሻለሁ።»

አስረክብሻለሁ ሲል ወፍጮው ዓይኔ ላይ መጣ።

«ወደ ወንድሜ ቤት አልመለስም» አልኩት።

«ታዲያ እዚህ ምን ልትበዪ? በማን ወገን?»

በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ላይ ወገን የሌለው ሰው ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ ማን እንደወሰደው የሚጠይቅም የለም። አለቃው ያረፍንበት ግቢ ባለቤት ለሆነችው አሮጊት አደራ ሰጥቶኝ ሄደ። ሰዎቹም ሲሰናበቷት «ቃርሚያዋን ጠብቂልን» አሏት።

አሮጊቷ የበርታ ሴት ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማትደጋግም። አማርኛዋን ከነጋዴ ስለለቀመችው ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» ነበር የምትለው። እኔ እናቴ እላታለሁ፤ እሷ ቢንቲ ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ወንዙ ዳር የራሷ የወርቅ ማጠቢያ ጉድጓድ ነበራት፤ በዚያ ወንዝ ከሚያጥቡት ሴቶችም ቃሏ የሚሰማ እሷ ነበረች። አርባውን ቀን ማሽላዋን እየፈጨሁ፣ ኀዘኔን በልቤ ይዤ ቆየሁ። ከወፍጮ ሸሽቼ ወፍጮ ላይ መውደቄ ግን አንገበገበኝ። አርባው ሲያልቅ እኔም ወርቅ እንዳጥብ እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት።

ወደ ወንዙ ወሰደችኝ። ከሴቶቹ ጉድጓድ አጠገብ ታጥቦ የተጣለ አፈር እንደ ትንሽ ኮረብታ ተከምሯል።

«ጉድጓድ የዘመድ ነው» አለችኝ። «አንተ ዘመድ የለህም። የተጣለ አፈር የማንም ነው። እሱን እጠብ።» ከዚያ ከቀሚሷ ጫፍ ፈትታ አንድ የአሞራ ላባ አገዳ ሰጠችኝ፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሴቶቹ የወርቅ ዱቄት የሚያጠራቅሙት በእሱ ነው። «ዝናብ ሳይመጣ ይሄ ሞላ፣ ጉድጓድ እሰጣለሁ፣ እዚህ ትኖራለህ። አልሞላም፣ ከነጋዴ ጋር ትሄዳለህ።»

የወንዙ ሕግ ይኸው ነበር። ከተጣለ አፈር አንድ አገዳ የሞላች ሴት ውሃው አውቋታል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳ የሚላት የለም።

ሴቶቹ ነጋዴዎቹ የሰጡኝን ስም ተቀብለው ጠበቁኝ። የተጣለ አፈር የምታጥብ ሴት በአማርኛ ቃርሚያ የምትባል መስሏቸዋል፤ ነገሩን ሳስበው አልተሳሳቱም። «ቃርሚያ፣ ና ብላ!» ይሉኛል፤ ገንፏቸውን ያካፍሉኛል። በእነሱ አፍ ስድብነት አልነበረውም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። ያቺ አንካሳ በቅሎ ትዝ ትለኛለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ። ከወንበራ ያመጣሁት አንድ ቀንድ ቅቤ ነበረኝ። አርባው ስላለፈ፣ የተላጨሁት ፀጉርም በቀል በቀል ስላለ፣ በየሁለት ቀኑ እቀባ ጀመር። ቃርሚያ ካሉኝም በወግ የተቀባሁ ቃርሚያ እሆናለሁ፤ ባሏ ሞቶ እንደ ቅጠል ደርቃ ቀረች የሚለኝ ሰው አይኖርም አልኩ። የመንጌ ፀሐይ ቅቤውን ያቀልጠዋል፤ በጆሮዬ ሥር፣ በአንገቴ ወርዶ ክንዴ ላይ ይደርሳል። በእጄ ጀርባ እየጠረግሁት አጥባለሁ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። አፈሩን በእንጨት ገበታ ታፍሻለሽ፤ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ታሽከረክሪያለሽ፤ ድፍርሱ በከንፈሩ ይፈስሳል። መጨረሻ ላይ አንድ ጭብጥ ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ በውስጡም ዕድል ካለሽ ቢጫ ነጥብ ይታያል። እኔ ከንጋት እስከ ምሽት አሽከረከርኩ። ወገቤ ተቆረጠ፤ የእግሬ ጣቶች ውሃ በልቷቸው ነጡ። አንድ ወር ሙሉ አጥቤ ያገዳዬ ታች እንኳ አልተሸፈነም። ከአጠገቤ ያለች ሴት ከዚያው ክምር ለነገሩ ያህል አንድ ገበታ ብታጥብ ወርቅ ታያለች፤ እኔ አላይም። ሴቶቹ ዕድሌ ጠፍቷል ብለው ያዝኑልኝ ጀመር። ኀዘናቸው ከስድብ ይብስ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ቅቤ ተቀባሁና ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አሮጊቷ መጥታ ከጎኔ ቁጢጥ አለች። እጄን ስሠራ አየች። ከዚያ ገበታዬን ያዘችና የውሃውን ፊት በጣቷ አሳየችኝ። ቀጭን ሽፋን ያብለጨልጫል፤ በላዩም እንደ ምስር ልጣጭ የቀለሉ ቢጫ ብናኞች ተንሳፍፈው፣ እያየሁ፣ በገበታው ከንፈር ዘለው ከድፍርሱ ጋር ሄዱ።

አንገቴን አሸተተችኝ።

«ቅቤ» አለች። «ቢንቲ፣ ቅቤ ደሀብ ይሸከማል። ውሃ ላይ ያስኬዳል።»

ወርቅን ደሀብ ይሉታል። ወር ሙሉ ያገኘሁትን ወርቅ በገዛ እጄ፣ በገዛ ቅቤዬ እያሳፈርኩ ለዓባይ ልኬዋለሁ ማለት ነው። ይህን ጊዜ ሱዳን ደርሷል። በዚያ ወንዝ ይህን ስሕተት የሠራ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ የበርታ ሴት ወደ ወንዝ ስትወርድ ቅባት አትነካም፤ ይህንንም ገና በሕፃንነቷ ነው የምታውቀው። ማንም ያልነገረኝ ሊነገር የሚገባ ነገር ስላልመሰላቸው ነው። እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ ሳላውቀው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከሁሉ ያናደደኝ ኩራቴ ነበር። የደረቀች ቃርሚያ አይደለሁም ለማለት የተቀባሁት ቅቤ ቃርሚያዬን አሳጣኝ።

አሮጊቷ አላጽናናችኝም። ከምድጃዋ አመድ በገል አመጣችና ሁለት እጄን፣ ክንዴን፣ አንገቴን፣ ራሴን ሳይቀር ቆዳዬ እስኪቀላ ፈተገችኝ። ገበታውንም በአመድ አሸችው። የቀረውን ቅቤ ሰጠኋት። በገንፎ በላችው፤ ሁለት ቀን ሙሉም ወንዝ አልወረደችም።

ከዚያ በኋላ ወርቁ መቆየት ጀመረ። በቀን አምስት ነጥብ፣ ስምንት ነጥብ፣ አንዳንድ ቀን የጤፍ ቅንጣት የምታክል። አገዳውን ለፀሐይ እያነሣሁ እለካዋለሁ። ግማሽ ሆነ፤ ከግማሽ አለፈ። ግን ጊዜው ሄዷል፤ ክምሩም አልቋል። በግንቦት መጨረሻ ደመናው ጠቁሮ፣ አገዳዬ ጥፍር ያህል ጎድሎ ሳለ፣ የበቅሎ ቃጭል ሰማሁ።

አለቃው ወንዙ ዳር መጥቶ ቆመ። አመድ የለበሰ ራሴን አይቶ ከልቡ አዘነ መሰለኝ።

«ቃርሚያ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «በቃሽ፤ ተነሺ። ዛሬ ካልተነሣን ዓባይ አያሳልፈንም።»

«ጭነት እስክታስሩ» አልኩት። «ከዚያ በላይ አልጠይቅም።»

አሮጊቷን አየ። እሷም ሰማዩን አየችና «ዝናብ አልመጣም» አለች።

ክምሩ ጋ ብመለስ ጥቅም አልነበረውም፤ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ቆሜ ወንዙን አየሁት። ከዚያ፣ ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም፣ የወንበራው እርሻ ትዝ አለኝ። መሐሉን ተይው። ብዙ እጅ የነካውን ቦታ እዪ። ሴቶቹ ሁሉ፣ እናቶቻቸውም ከነሱ በፊት፣ እያንዳንዱን ገበታ አጥበው ሲጨርሱ የቀረውን ለማራገፍ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያንኳኩታል። ሁልጊዜ ያው ድንጋይ ነው። ስንት ዓመት እንደተንኳኳበት ማን ያውቃል። ድንጋዩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁንም ደለል ሞልቶታል።

ከባሌ ዕቃ የቀረኝ የጭነት መስፊያ ወስፌው ነበር። ድንጋዩ ላይ በደረቴ ተኝቼ ስንጥቁን በወስፌ እየቆፈርኩ፣ የወጣውን ጭቃ በመዳፌ ወደ ገበታው አፈስኩ። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ከበቡኝ። አንዷ በቋንቋቸው አጉረመረመች፤ ድንጋዩ የሁላችንም ነው ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። አሮጊቷ መለሰችላትና ነጋዴዎቹም እንዲሰሙ በአማርኛ ደገመችው።

«የተጣለ ነው። ስንት ዓመት ጣልን። ማን አየ?»

አንድ ገበታ ብቻ ሞላሁ። እጄን በአመድ ፈትጌ ወደ ውሃው ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ የሠራሁት ነገር የለም። ድፍርሱ ፈሰሰ፤ ጥቁሩ አሸዋ ቀረ፤ ገበታውን ሳዘነብለው አሸዋው ወደ ጎን ሸሸ፤ ከሥሩም ወርቁ እንደ ጥፍር ጨረቃ ታየ። አሞቄ፣ አድርቄ፣ አሸዋውን እፍ ብዬ ለየሁና በአገዳው ጨመርኩት። ሞልቶ አፉ ላይ ተረፈ። የተረፈውን አሮጊቷ በምራቋ ባራሰችው ጣት ለቅማ ግንባሬ ላይ አደረገችልኝ።

አለቃው ብዙ ቆሞ አየኝ። «ቃርሚያ» አለ እንደገና። ያው አፍ፣ ያው ቃል ነው፤ እንዳልተናቅሁበት ግን ለይቼ ሰማሁ። ከዚያ በቅሎውን ነድቶ ሄደ፤ እኔም ቀረሁ። በነጋታው ዝናቡ ጀመረ።

ከዚያ ቃሉ ከእጄ ወጣ። ሲራራው ባለፈበት ሁሉ ወሬውን ስላወራ በነጋዴ ዘንድ ቃርሚያ ሌላው አይቶ ያለፈውን የሚያይ ሰው ሆነ። ወርቅ ገዢዎችም ሁለት ጊዜ የታጠበውን ንጹሕ ዱቄት «ቃርሚያ አለ?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። አሶሳ የሰፈሩት ወታደሮች ደግሞ ድግስ አልቆ መጥቶ ጥሩውን ሥጋ የሚያገኘውን እንግዳ ቃርሚያ አሉት፤ ይኼ ብዙም ደስ አላለኝም። ከሁሉ የከፋው አንድ ሹም ነኝ ባይ ግብሩ ከተሰበሰበ በኋላ በየቤቱ እየዞረ የተረፈ ወርቅ የሚያስፈትሽበት ዓመት ነበር። ያንን ሁለተኛ ዙር ራሱ «ቃርሚያ» አለው። ያን ዓመት ሴቶቹ ቃሉን ሲሰሙ አገዳቸውን አፈር ውስጥ ይቀብሩ ነበር፤ እኔንም በስሜ መጥራት ተዉ። ተናደድኩ። በአንድ አገዳ የገዛሁትን ቃል ሌባ ሲለብሰው ዝም ብዬ አላይም አልኩ። አሮጊቷ የሰጠችኝን ጉድጓድ ቃርሚያ ብዬ ሰየምኩት፤ ወገን የሌላት ሴት ሁሉ መጥታ እንድታጥብበትም ፈቀድኩ። ሰውየው ተሻረ፤ ጉድጓዱ ቀረ። ሴቶቹ «ቃርሚያ ጋ እንሂድ» ማለት ሲጀምሩ ቃሉ ወደ ቤቱ የተመለሰ ያህል ተሰማኝ። ቀጥሎ በእርጅና የሚወለድን ልጅ በዚያው ስም ያቆላምጡት ጀመር፤ ከዚያ ደግሞ ልጃገረዶቹ ወሰዱት።

አሮጊቷ ስትሞት የአመዷን ገል ወረስኩ።

በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ጉድጓዴ አፍ ላይ ሁለት ሰዎች ቆሙ። አንዱ የሲራራው አለቃ ነበር፤ ጎብጦ፣ በቅሎ የሌለው፣ በትር የያዘ። ከኋላው ነጠላዋን በሐዘን ያደገደገች ወጣት ሴት ቆማለች፤ ልጁ ናት። ባሏ መሞቱን፣ የባሏ ወገኖች በለበሰችው ልብስ ብቻ እንዳስወጧት፣ እሱም እንደማይሰነብትና የሚያስጠጋት እንደሌላት ነገረኝ። ከዚያ ምን እንደሚፈልግ ለመናገር አፉን ከፈተና ዘጋ። የሚፈልጋት ቃል አንዲት ነበረች፤ ሊያወጣት አልቻለም። አሳዘነኝ። ያን ቀን ጎጆ ውስጥ ተጋድሜ የሰማሁትንም አልረሳሁም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

«ቃርሚያ ትሆናለች» አልኩለት። አንገቱን ደፋ።

ባዶ አገዳ ሰጠኋት፤ ሕጉንም ነገርኳት። ልጅቷ አባቷን አየች፣ እኔን አየች።

«እሜቴ፣ በእኛ አገር ቃርሚያ ሲሉኝ አባቴ በትር ያነሣል» አለችኝ። «እዚህ ምን ማለት ነው?»

ቀረብ ስል አንገቷ ቅቤ ቅቤ ይላል። በመንገዱ ሁሉ ፀሐይ ላይ እየቀለጠባት፣ ደርቃ እንዳትታይ ተቀብታ መጥታለች። ሁለት እጇን ያዝኩ።

«አገዳሽ ሲሞላ አንቺ ትነግሪኛለሽ» አልኳትና የአመዱን ገል ወደ እኔ ሳብኩ።